ቢትኮይንና የክርስትና ስም

ሳይጠየቅ የስልክ ምክር የሚሰጥ ወዳጅ አላችሁ? እኛ የባሕር ማዶዋ አውሮራ ከተማ ነዋሪዎች ተሾመ አለን። ታክሲ ይነዳል፤ በተረፈው ሰዓት እኛን ያዘምናል። የማኅበራችንን አባላት በሙሉ የቢትኮይን አፕ ዳውንሎድ አስደረገን። «ፓስወርድ ለሚስትም አይነገርም! የክርስትና ስማችሁን አድርጉት፤ ማንም አያውቀውም» አለን። እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው!

እሁድ ቻምበርስ ሮድ እሱ ቤት ማኅበር ጠጣን። ሲያበቃ የነፍስ አባታችን ተነሱና እንደ ልማዳቸው እያንዳንዳችንን በክርስትና ስማችን እየጠሩ መረቁን። ተሾመ በላብ ተጠመቀ።

«አባ፣ እባክዎ በለሆሳስ!»

አባ ጭራሽ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። የሁላችንንም ፓስወርድ ለሁላችን አደሉን።

ሲጨርሱ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ለጸሎት እንዳይመስላችሁ፤ ፓስወርድ ቼንጅ እያደረገ ነው።

«ልጆቼ፣ አሜን የለም እንዴ?» አሉ አባ።

አሜን ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር።