ሙሉሰው የሚባል አውራ ጣት

ትናንት ምሳ በልቼ ጋደም ባልኩበት ሕልም አየሁ። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም ይላሉ፤ እኔም ፍቱልኝ ብዬ ለማንም አልነገርኩም።

የቀኝ አውራ ጣቴን የእንጨት ፋብሪካው መጋዝ ከወሰደው ወር አልፎታል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙሉሰው፣ የተቆረጥከው በምሳ ሰዓት ስለሆነ የሥራ ላይ ጉዳት አይባልም አሉኝ። በምሳ ሰዓት መጋዙ ፊት የቆምኩት፣ የታዘዘው የአልጋ እግር ሳያልቅ እንዳትሄድ ስላሉኝ ነው። ይህንኑ በግራ እጄ ጽፌ አመለከትኩ። «የሥራ ላይ ነው» የሚል አንድ መስመር ካልጻፉልኝ ሕክምናውም ካሳውም ይቀራል። መልሱን ስጠብቅ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

በሕልሜ ፋብሪካው በር ላይ ረጅም ሰልፍ አየሁ። የተሰለፉት አሠሪዎች ናቸው። ከረባታቸውን ፈትተው በእጃቸው ይዘዋል። የድንጋይ ካባ ባለቤት የሆነ አንድ ሀብታም ድንጋይ ሲፈልጥ ዓይኑ ለጠፋ ሠራተኛው ዓይን ሊሆን መጥቷል። ከኋላው የቆመው ተቋራጭ ከፎቅ ለወደቀ ግንበኛ እግር እንዲሆን ተጠርቷል። የሚፈለገው ግራ እግር ይሁን ቀኝ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ቀኝ ቢሆንለት እንደሚመርጥ፣ ግራ ጉልበቱን ቁርጥማት እንደሚያመው ነገረኝ።

ከሰልፉ ፊት ባለ መስኮት ውስጥ መነጽር ያደረገች አህያ ተቀምጣለች። ጀርባዋ ላይ የቆየ ገጣባ አለ። ጋሽ ይርዳው ብላ በስሜ ጠራችኝና ስላስጠበቀችኝ ይቅርታ ጠየቀች። ገና መድረሴ ነበር። ምስክር እንዳላመጣሁ ነገርኳት።

«ጣቱ የለም አይደል?» አለች። «ከሌለ ነገር የበለጠ ምን ምስክር አለ?»

በስንት ሰዓት እንደተቆረጥኩ ጠየቀችኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በምሳ ሰዓት አልኳት። ጥርሷን አሳየችኝ።

«ታዲያ መጋዙ ምሳውን መብላቱ ነበራ።»

ከዚያ መዝገብ ገልጣ ሕጉን አነበበች። የጎዳ፣ የጎደለውን ይሙላ ይላል። ሌላ አንቀጽ የለውም። ማኅተም ስላልነበራት ወረቀቱን በኮቴዋ ረገጠችው። አቶ ሙሉሰው ከሰልፉ ወጥተው ቀረቡ። ለአንድ ጣት ሙሉ ሰው አይበዛም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሙሉነቱን ወደፊት እናያለን አለችኝ።

አህያዋ አቶ ሙሉሰውን በቀኝ እጄ በአውራ ጣቴ ቦታ ገጠመችልኝ። እንደ ገለባ ቀላል ነበሩ። የሸሚዜን ቁልፍ ቆለፉ፤ ብርቱካን ላጡ። ድሮ አንተ የሚሉኝ ሰውዬ አሁን አንቱ ይሉኛል። እጄን ስጨብጥ ከውስጥ ሆነው፣ «ጋሽ ይርዳው፣ ቀስ ይበሉ፣ አፈኑኝ» ይላሉ።

ቤት ገባሁ። ባለቤቴ አሰለፈች አየቻቸውና ለብቻቸው ሰሃን ላቅርብ ወይ አለች። ጣት ለብቻው አይበላም አልኳት። እንጀራ ቆርሼ ወጡ ውስጥ ስነክር አብረው ተነከሩ። ወጡ አቃጥሏቸው ተቁነጠነጡ። እኔ ግን ጎረስኩ።

ወዲያው ፋብሪካው ውስጥ ነበርኩ። መጋዙ ይዞራል። የአልጋ እግር ክምር ፊቴ ተቆልሏል። የምሳ ደወል ተደወለ፤ ሰዉ ሁሉ ወጣ። አቶ ሙሉሰው፣ እኛም እንውጣ፣ ሥራው የትም አይሄድም አሉ። የታዘዘው አላለቀም አልኳቸው። እንጨቱን ይዤ ገፋሁ። መጋዙ ቀረበ። በእውነቱ ለማቆም አስቤ ነበር፤ ግን አላቆምኩም። ጥርሱ ሊነካቸው አንድ ጣት ሲቀረው ጮኹ።

«የሥራ ላይ ነው! ጋሽ ይርዳው፣ የሥራ ላይ ነው!»

መጋዙን አጠፋሁት። ወር ሙሉ የለመንኩት ቃል ይኸው ነበር።

«በጽሑፍ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ።

«በምን እጄ?» አሉ። «እኔኮ ጣት ብቻ ነኝ።»

አሰለፈች ትከሻዬን ነቀነቀችኝ። የፋብሪካው ጥበቃ ደብዳቤ ሰጥቷት ሄዷል። ተነስቼ መነጽሬን አደረግኩ። ደብዳቤው አጭር ነው፤ ስለ ማመልከቻዬ ምንም አይልም። ፋብሪካው በር ላይ ስንገባና ስንወጣ አሻራችንን የምናሳርፍበት መሣሪያ አለ። እኔን የሚያውቀኝ በቀኝ አውራ ጣቴ ነው። ለሃያ ስድስት ቀን የጣት አሻራዎ ስላልታየ፣ ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታዎ እንደቀሩ ተቆጥሮ ተሰናብተዋል ይላል። ከሥር አቶ ሙሉሰው ፈርመውበታል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሰለፈች ማንበብ አትችልም፤ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«ጣትህ ከሥራ ቀረ ነው የሚለው» አልኳት።