ሦስት ቀን ደጅ የቆመው ደብዳቤ

ደህና የሚሠራ ነገር ሲያዩ እጃቸውን የሚበላቸው ሰዎች አሉ። ሬዲዮው ጥርት ብሎ እየተሰማ አንቴናውን ያዞራሉ፤ ወጡ ጣፍጦ ሳለ ጨው ይጨምራሉ። እርስዎም ቤት አንድ አይጠፋም፤ ከጠፋ እርስዎ ራስዎ ነዎት ማለት ነው። እኔ ከነሱ አንዱ መሆኔን ያወቅኩት እዚህ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ባለችው የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያናችን ቢሮ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

እንጀራዬ ኢምባካሲ፣ የጭነት መጋዘን ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በነጻ የቤተ ክርስቲያኗን የኢሜይል ሰርቨር እጠብቃለሁ። ከምእመናኑ ብዙዎቹ ስደተኞች ናቸው፤ ስልካቸው ይቀየራል፣ ቤታቸው ይቀየራል፣ የኢሜይል አድራሻቸው ግን እኛ ዘንድ አለ። ያን ቀን ሰርቨሩ አዲስ ማሻሻያ መጥቷል አለኝ። ማን ጠየቀህ አላልኩትም። ጫንኩት።

ጭነቱ ሲያልቅ ሰርቨሩ ደብዳቤ መቀበል አቆመ፤ የድሮዎቹንም አላሳይ አለ። አልደነገጥኩም፤ በየሳምንቱ ቅጂ አስቀምጣለሁና። እያንዳንዱንም ቅጂ በቀኑ ሰይሜዋለሁ፣ ያውም አገሬን እንዳልረሳ ብዬ በኢትዮጵያ አቆጣጠር! አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ንጽሕና ወዳድ ኖሮ፣ ከስሙ ላይ ቀኑን እያነበበ አምስት ዓመት ያለፈውን ቅጂ ሁሉ ይጠርጋል። እኛ ከሌላው ዓለም ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ እንደምንቆጥር የነገረው የለም። ያለፈውን ሳምንት ቅጂ ሳይቀር አሮጌ ነው ብሎ አጠፋልኝ።

የስንቱ ሰው ደብዳቤ! ማልቀስ አማረኝ።

ይባስ ብሎ ሜሮን መጣች። ሜሮን የእትዬ አለሚቱ አንድ ልጅ ናት፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ እናትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። ካናዳ ነርስነት ለመማር ነጻ ትምህርት አመልክታ የዚያን ሳምንት መልስ ትጠብቃለች።

«አንክል፣ ኢሜይሌ ኢሜኩጃ? መጣ?» አለችኝ። ፊቴን አይታ ገባት። «ፕሊዝ አንክል፣ ዴድላይኑ ሐሙስ ነው። እስከ ሐሙስ እሺ ካላልኩ ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

ለትምህርት ቤቱ በሌላ አድራሻ ጻፈችላቸው፤ በተመዘገበው አድራሻ ብቻ ነው የምንልከው አሏት። አንድ ተስፋ ነበረን። የኢሜይል ላኪ ማሽን ደጁን ተዘግቶ ሲያገኝ እንደኛ ተቀይሞ አይቀርም፤ ይሄዳል፣ ተመልሶ ያንኳኳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ስንት ቀን እንደሚታገሥ ግን እንደ ላኪው ነው። ሲሰለቸው ደብዳቤውን ለላኪው ይመልሳል፣ እሷም መመረጧን ሳታውቅ ትቀራለች።

ስለዚህ ሰርቨሩን ከባዶ መገንባት ጀመርኩ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ እትዬ አለሚቱ ቻፓቲና ምስር ወጥ ይዘውልኝ መጡ። «ቀስ ብለህ ሥራው፣ ወንድም ዳንኤል። መጀመሪያ ብላ፣ ሰው እኮ ነህ» አሉኝ። ልጃቸው ጭንቀት ሊገድላት ደርሶ እሳቸው ለሆዴ ያስባሉ! እንዲህ ያለ እናት ስንት አለ አልኩ በልቤ። ሰኞም ያንኑ ይዘው መጡ፤ እጄን አስታጥበው፣ አጠገቤ ተቀምጠው፣ አንዱን ቻፓቲ ጨርሼ ሌላውን እስክጀምር አይነሡም። ሰኞ ግን ብዙም አላወሩኝም።

ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቀጠልኩ፤ ስድስት ሰዓት ላይ የሰርቨሩ ደጅ ተከፈተ። የድሮዎቹ ደብዳቤዎች እንደጠፉ ቀሩ፤ እስከ ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ አንገቴን እደፋለሁ። አዲሶቹ ግን ሲመላለሱ ሰንብተዋልና አንድ በአንድ ይገቡ ጀመር። ዐሥራ አንደኛው የሜሮን ነበር። ደወልኩላት፤ ከእናቷ ጋር እየሮጠች መጣች። አነበበች፣ ጮኸች፣ እዚያው ቆማ «እሺ» ብላ መልስ ጻፈች፣ እኔንም ኮምፒውተሩንም ሳመች፣ ለጓደኞቿ ልትነግር በረረች።

እትዬ አለሚቱ ከወንበሩ አልተነሡም። ነጠላቸውን ደጋግመው አስተካከሉ።

«ተባረክ፤ ደከምክ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይቅር በለኝ። አንተ እንዲሠራ ስትለፋ እኔ እንዳይሠራ ስጸልይ ነበር» አሉ።

«ሦስቱንም ቀን፣ እትዬ?» አልኳቸው።

«ሁለቱን» አሉ። «ትናንት ስታለቅስ ሰማኋት። ተውኩት።»