የጋሽ ካሴት ሦስተኛ ዘፈን

በየሰፈሩ ዘፈን የሞተበትን ዓመት ከነወሩ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ዓመቱ ከሰው ሰው ይለያያል። የሰውየው ፀጉር መሳሳት ከጀመረበት ዓመት ጋር መገጣጠሙን ግን እስካሁን ያጠናው የለም።

የእኛ ሰፈር ሊቅ ልብስ ሰፊው ክቡር ጋሽ ካሴት ናቸው። በጠባቧ ሱቃቸው አንድ የእግር ስፌት መኪና፣ አንድ ቴፕና አንድ ካሴት አላቸው። ሰዓት የሚባል ነገር አያውቁም። "ሱሪ የካሴቱ አንድ ገጽ ነው፤ ኮት ሁለቱም ገጽ፣ ሦስት ጊዜ" ይላሉ። የቸኮለ ደንበኛ "ቆይ እንጂ፣ ገና መች ተገለበጠ!" ይባላል።

በዛሬ ዘፈን ላይ ያላቸው አቋም የታወቀ ነው፦ "ይሄ ዘፈን ነው? ይሄማ ድስት ከደረጃ ሲንከባለል ነው!" አንዴ ጎረቤት ያለችው ፀጉር ሠሪ አዲስ ዘፈን ስትለቅ፣ የሰው ወገብ መለካታቸውን ትተው፣ ሜትሩን እንዳንጠለጠሉ ሄዱና "እባክሽ ልጄ፣ በቁማችን አትቅበሪን" ብለዋት ተመለሱ። ቀነሰችላቸው። በማግሥቱ ጨመረችው። አንድ ሙሽራ ደግሞ የካሴቱን ዘፋኝ አላውቀውም በማለቱ እጅጌው አጥሮ ወጣ። እሳቸው ጨርቁ ነው ያጠረው ባይ ናቸው።

እኔ አበሳዬን ያየሁት እህቴ ልታገባ ስትል ነው። ለቅዳሜ ኮት አዝዤ ሐሙስ ብሄድ መኪናው ቆሟል። ቴፑ ካሴቱን በልቶ፣ ክሩ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ተበጥሷል። ኮቴ እጅጌ የለውም። ጋሽ ካሴት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ ለዚህ ነው እንዴ?" አልኩና ያንኑ ዘፈን ከስልኬ ከፈትኩላቸው። ጥርት ያለ ነው። እስከ መጨረሻው ሰሙት።

"ጎደለ" አሉ።

"ምኑ?"

"ጎደለ አልኩህ እኮ!"

ከእሳቸው ጋር መከራከር ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። በንዴት ካሴቱን ይዤ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሮጥኩ፤ ዓርብ ጠዋት ክሩን አስቀጥዬ መለስኩላቸው። ወዲያው ከፈቱት። ሦስተኛው ዘፈን መሐል ላይ ዘፋኙ ድንገት ጠፋና አንዲት ሴት በቁጣ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ምሳው በረደ እኮ! ስንቴ ልጥራህ?" አለች። ከዚያ ዘፈኑ ቀጠለ።

"ሳታውቀው የመቅጃውን ቁልፍ ተጭናው ነው" አሉ፣ ዓይናቸውን ከቴፑ ሳያነሱ። "ዘፈኔን አበላሸሽብኝ ብዬ ያን ቀን ሙሉ አኮረፍኳት።"

ባለቤታቸውን ከቀበርን ስድስት ዓመት ሆኗል። አንጀቴን በሉት።

ክሩን ወደ ኋላ አጠንጥነው እንደገና ከፈቱት። ሴትዮዋ እንደገና ተቆጣች።

"መጣሁ፣ መጣሁ" አሉ ጋሽ ካሴት፣ ቀስ ብለው።

ኮቴን ያለ እጅጌው ትቼላቸው ወጣሁ። ቅዳሜ እህቴን በሹራብ ዳርኳት።