በጥናት ላይ ያለ ደረጃ

በባሕር ዳር ከሚገኙት የጀልባ መሳፈሪያዎች በአንዱ፣ ከውሃው የሚያደርሰው የመጨረሻው የድንጋይ ደረጃ በክረምቱ ማዕበል ተነቅሎ ሄደ። ለአንድ ግንበኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ የንድፍ ክፍል ኃላፊ አምሐ ግንበኛውን ጠርቶ ለሰኞ ቀጠረው። ነገር ግን ቅዳሜ አምሐ ተመዘገበ።

የተመዘገበው፣ ሥራ ሳይለቁ በቅዳሜና እሑድ ለሚማሩት የንድፍ ሙያ ዶክትሬት ነው።

«ከገዛ መሥሪያ ቤትህ ያልተፈታ ችግር አምጣ» አለው አማካሪው።

አምሐ ደረጃውን አመጣ።

«ግሩም! ታዲያ ማንም እንዳይነካው። ከተጠገነ ምን ታጠናለህ?»

ሰኞ ግንበኛው ሲመጣ በደረጃው ፈንታ ሰሌዳ እንዲተክል ታዘዘ፦ «ይህ ደረጃ በጥናት ላይ ስለሆነ መጠገን ክልክል ነው»። ሰሌዳው ያምር ነበር፤ ሲሚንቶውም እዚያው አለቀ።

ከዚያ ወዲያ ከደቅ ደሴት የመጣ ሁሉ ከጀልባው ወደ ላይ መዝለል ነበረበት። ወጣቱ ይዘላል፤ ሽማግሌው ይጎተታል፤ ዶሮ የያዘ መጀመሪያ ዶሮውን ይወረውራል። አምሐ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይመዘግባል። ሰው ሲወድቅ ያዝናል፤ ማዘኑንም ይጽፋል፤ የተመራማሪው ስሜት የጥናቱ አካል ነውና።

አንድ ቀን የጀልባው ባለቤት ነስረዲን ድንጋይ ተሸክሞ መጣ።

«ጌታው፣ ይችን ከሥር ላስቀምጣትና ሰው ይርገጣት።»

«መረጃዬን ልታበላሽ ነው?»

«ሰው እየወደቀ እኮ ነው!»

«እሱ ነው መረጃው።»

«እንግዲያው ዛሬ ቀንቶዎታል» አለ ነስረዲን ድንጋዩን እየጣለ። «አንድ ቄስ ከነጥላቸው ጭኜ መጥቻለሁ።»

ከወደቁት አንዷ የአምሐ እናት ወይዘሮ አደይ ነበሩ። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደቅ ሲመጡ ቀኝ እጃቸው ተሰበረ።

«ኧረ ለመሆኑ ይህን የሚያሠራ ሰው የለም?» አሉ፣ የታሰረ እጃቸውን ታቅፈው።

«አለ እማዬ። እኔ ነኝ።»

«እና?»

«እየተማርሁበት ነው።»

እናት ናቸውና ኮሩ። «ብቻ ሳልሞት ምረቃህን ልየው» አሉ። አምሐም ከዚህ ሌላ ምኞት አልነበረውም፤ ያለ አባት ያሳደጉትን እናቱን ከፊተኛው ወንበር ማስቀመጥ።

ነገሩ ተዛመተ። ከክፍሉ ሠራተኞች አንዱ የተደፈነ ቦይ፣ አንዱ የማይበራ የመንገድ መብራት፣ አንዱም የማይከፈተውን የመሥሪያ ቤቱን መጸዳጃ በር ይዞ ተመዘገበ። በሰባታሚት ሰፈር ደጃቸው ያለውን ቦይ የጠረጉ ነዋሪዎች «በምርምር ላይ ጉዳት በማድረስ» ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው።

ከዓመታት በኋላ አምሐ ወፍራሙን ጽሑፉን አቀረበ። መደምደሚያው «ደረጃው መጠገን አለበት» ይላል። ፈታኞቹ ቆመው አጨበጨቡ። በዚያው ሳምንት የክፍሉ ሠራተኛ ሸጊቱ የራሷን የጥናት ርእስ አቀረበችለት፦ «የጥናት ምክረ ሐሳቦች ለምን ሥራ ላይ አይውሉም? የመሳፈሪያው ደረጃ እንደ ማሳያ»። አምሐ በኩራት ፈረመ።

በምረቃው ጠዋት ካባውን ለብሶ ዳር ቆመ። ወይዘሮ አደይ አዲስ ቀሚስ ለብሰው በነስረዲን ጀልባ መጡ። ነፋስ ነበር፤ ጀልባዋ ስለምትላጋ ተሸክሞ ማውረድ አይታሰብም።

«እማዬ፣ እጅሽን ዘርጊልኝና ዝለይ!»

«በየትኛው እጄ፣ ልጄ?»

ያ እጅ ከተሰበረ ወዲህ አልቀናም። ነስረዲን አላስቻለውም፤ ዘሎ ወርዶ ከዳር ካለው ድንጋይ ትልቁን አነሣ። ሸጊቱ ከዛፉ ሥር ብድግ አለች።

«ዶክተር! ድንጋይ ከገባ ጥናቴ አለቀለት። ፊርማዎ አለበት እኮ!»

አምሐ ድንጋዩን አየ፤ እናቱን አየ፤ ካባውን አስተካከለ።

«ነስረዲን፣ አስቀምጠው» አለ ቀስ ብሎ። «ደንብ ነው።»

ወይዘሮ አደይ ከጀልባው ውስጥ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

«ካባው አምሮብሃል» አሉ። «ይኸው አየሁህ። በል ሂድ፣ እንዳይረፍድብህ።»

ነስረዲን ድንጋዩን ጥሎ ተሳፈረና ጀልባዋን ወደ ደቅ መለሳት። አምሐ ነጠላቸው ከዓይኑ እስኪጠፋ ቆመ። ሸጊቱ ብዕሯን እንደያዘች ቀረብ አለች።

«ሳይወርዱ የተመለሱት ተሳፋሪ ዕድሜያቸው ስንት ይሆን፣ ዶክተር?»

ዶክተር አምሐ ነገራት።