ቫናችን ትንሽ ሞተር ካስገባ ወዲህ

ሰው ለመኪናው የሚጨነቀውን ያህል ለገዛ ጉልበቱ አይጨነቅም። ጉልበቱ ሲንቋቋ «ብርዱ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ መኪናው ከተንቋቋ ግን እንቅልፍ የለም። እኔም ከዚያው ወገን ነኝ። አትፍረዱብኝ፤ መንታ ልጆቻችሁን ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣ ቫን እንዲህ በዋዛ ለቁርጥራጭ ብረት አይሰጥም።

ባለቤቴ አስቴር ግን «ስጠው» ብላለች። እውነቷን ነው። ያ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ቶሮንቶ ውስጥ ከቶርንክሊፍ ፓርክ ቤታችን ኢቶቢኮ ሥራዬ ደርሶ እስኪመለስ ጋዝ፣ ያው ቤንዚን፣ ይጠጣል ማለት አይገልጸውም፤ ይጋታል! ስለዚህ ሰው ማድረስ ፈራሁ። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት እማማ ብርቄ ኦታዋ ያሉ እህታቸውን ማየት ይፈልጋሉ፤ እግራቸውን ሳይዘረጉ አውቶቡስ ላይ ያን ሁሉ መንገድ አይችሉም። በጠየቁኝ ቁጥር «በረዶው ይለፍ እማማ» እላለሁ። እዚህ በጋ በሚሆንበት በሐምሌም ብያለሁ መሰለኝ።

አንድ ቀን ኢቶቢኮ ጋራዥ ያለው ጓደኛዬ ኑረዲን ደወለልኝ።

«ስማ፣ ያንተው ዓይነት ቫን ከኋላ ተገጭቶ መጥቷል። ሞተሩ ግን ባለ አራት ሲሊንደር ነው፤ ጭረት የለበትም። ስዋፕ እናድርገው፣ ባንተው ሞተር እንቀይረው?»

«ይገጥማል?»

«ካምቢዮውንም ሽቦውንም አብረን እናወርዳለን። አንተ ብቻ ቅዳሜህን ስጠኝ።»

ቅዳሜዬን ሰጠሁት፤ እሑዴንም ጨምሮ ወሰደው። አሮጌው ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲወጣ ኮፈኑ ሥር የቀረው ባዶ ቦታ ስቱዲዮ አፓርታማ ሆኖ የሚከራይ ይመስል ነበር። አዲሱ ሲገባ ከነካምቢዮው ጥግ ይዞ ቁጭ አለ። ቁልፉን አዞርኩ። ጸጥታ።

«አልተነሳም» አልኩ።

ኑረዲን እጄን ይዞ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠው። ከሥር ቀስ ብሎ ይርገበገባል። «ተነስቷል እኮ፣ አንተ ጩኸት ለምደህ ነው!» አለኝ። ዘይት በዘይት እንደሆንን ተቃቀፍን።

አስቴር ድሮ የቫኑን ጩኸት ከፓርኪንግ ሰምታ ነበር ምሳ የምታሞቀው። ያን ቀን በሩን ስከፍት ደንግጣ «በእግርህ ነው የመጣኸው?» አለችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ሳልቀመጥ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቼ፣ «እማማ፣ በረዶው አልፏል» አልኳቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እማማ ብርቄ ከፊት ወንበር እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ አስቴርና ልጆቹ ከኋላ። መቼም ትንሽ ሞተር ትንሽ ነው። ከባድ መኪናው ሁሉ አለፈን፤ ዳገት ላይ የምረዳው ይመስል ወደ ፊት አጎነብሳለሁ። ግን ደረስን። እህታቸው ከቤታቸው ደጅ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሁለቱ ከእግር እስከ ራስ ተያዩ።

«አንቺ፣ አረጀሽ!» አሉ እማማ ብርቄ።

«እኔ? እናንተ ቤት መስታወት የለም?»

ከዚያ ተቃቅፈው ሲስቁ ቆዩ፤ ሳቁ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ፣ ልቅሶው ደግሞ ተመልሶ ሳቅ። እኔ ጎማ የማይ መስዬ ዞር አልኩ።

ቫኑ ኦታዋ የመድረሱ ወሬ ለካ ከእኛ ቀድሞ ቶሮንቶ ገብቷል። አሁን እሑድ የቤተ ክርስቲያን ሰው አመላልሳለሁ፤ ዓርብ የኑረዲንን እናት መስጊድ አደርሳለሁ፤ በመሐል ኤርፖርት የሚቀበሉት እንግዳ አይጠፋም። ባለፈው ጋዝ ስቀዳ አስቴር ቆጣሪውን አይታ፣ «ይሄ እኮ የድሮውን ያህል ነው! ታዲያ ምኑን ቆጠብነው?» አለችኝ።

የታንኩን ክዳን ስገጥም እማማ ብርቄ ከኋላ ወንበር አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ሞንትሪያልም እኮ ዘመድ አለኝ።»