በቅሎዎቹ የማይሸነፉበት ቅዳሜ

[ዊትኮም፣ ኮሌጅ ያላት ትንሽ የኦሃዮ ከተማ። የጥቅምት ቅዳሜ፣ ወደ ቀትር ገደማ። ጡረታ የወጣው የሎጂክ መምህር ፕሮፌሰር ሌላንድ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። የኮሌጁን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ የ«በቅሎዎቹን» ኮፍያ ደፍቷል፤ ጉልበቱ ላይ ወፍራም መዝገብ አለ። ጎረቤቱ ኦርቪል፣ ድሮ የትራክተር መካኒክ የነበረው፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ ደረጃው ላይ ቆሟል።]

ሌላንድ፦ ሦስት ነጥብ ስድስት ነጥብ አልኩህ!

ኦርቪል፦ ሰማሁ። ሦስት ነጥብ ነው ስድስት ነጥብ?

ሌላንድ፦ ሦስት። ነጥብ። ስድስት። ነጥብ።

ኦርቪል፦ ሦስትም ስድስትም ከሆነ ዘጠኝ ነው በለኛ። ምን ታንዛዛዋለህ?

ሌላንድ፦ የመጀመሪያው ነጥብ ነጥብ ነው፤ ሁለተኛው ነጥብ ግን ነጥብ ነው! የመጀመሪያው የሂሳብ፣ ሁለተኛው የኳስ።

ኦርቪል፦ ታዲያ የኳሱን ብቻ አትነግረኝም? የሂሳቡን ማን አስገባው?

ሌላንድ፦ [መዝገቡን እየገለጠ] ስማ። መጀመሪያ በሠላሳ አንድ ነጥብ ልዩነት ተሸነፍን። ቀጥሎ በሃያ ሰባት። ከዚያ በሃያ አራት። በሃያ። በዐሥራ ሰባት። ባለፈው ቅዳሜ በዐሥራ ሦስት። ከዚህ ምን ትረዳለህ?

ኦርቪል፦ ስድስቴ መሸነፋችንን።

ሌላንድ፦ ተራ ሰው የሚያየው ይሄን ነው። ሳይንስ ግን ዕድገቱን ያያል። ሽንፈታችን በየጨዋታው በአማካይ በሦስት ነጥብ ስድስት ነጥብ እየቀለለ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከኮልድስፕሪንግ ጋር ስንጫወት የምንሸነፈው በዘጠኝ ነጥብ አራት ብቻ ነው።

ኦርቪል፦ ዛሬ?

ሌላንድ፦ ዛሬ። ልክ ሰባት ሰዓት ላይ።

ኦርቪል፦ [ክራባቱን እየነካካ] ዛሬማ አንሸነፍም።

ሌላንድ፦ በምን ስሌት?

ኦርቪል፦ እንዲሁ፣ ሆዴ ይነግረኛል።

ሌላንድ፦ ሆድህ! ሆድህ ሎጂክ ተምሯል? እኔ የምልህ በማስረጃ ነው። በሚቀጥለው በአምስት ነጥብ ስምንት፣ በመጨረሻው በሁለት ነጥብ ሁለት እንሸነፍና ከዚያ በኋላ ያለውን ጨዋታ እናሸንፋለን።

ኦርቪል፦ ከመጨረሻው በኋላ ያለውን?

ሌላንድ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] የውድድር ዘመኑ በአንድ ጨዋታ ያጥራል።

ኦርቪል፦ መስከረም ላይ ግን አንዴ አሸንፈን አልነበር?

ሌላንድ፦ እሱን አልቆጥረውም። የተጋጣሚያችን አውቶቡስ ተበላሽቶ መንገድ ቀሩ።

ኦርቪል፦ እኔ ደግሞ ከሁሉም ደስ ያለኝ እሱ ጨዋታ ነው። ማንም አልተጎዳም።

ሌላንድ፦ አንተ ለኳስ አልተፈጠርክም። ኳሷን አቅፎ የሚሮጠው ልጃችን በአንድ ሩጫ በአማካይ ስንት እንደሚሄድ እንኳ አታውቅም። አምና አንድ ነጥብ ሰባት ያርድ ነበር። ዘንድሮ ሁለት ነጥብ አንድ!

ኦርቪል፦ እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ እስከ ማቀዝቀዣው ስምንት ያርድ እሄዳለሁ።

ሌላንድ፦ አንተን መንገድ ላይ የሚጥልህ የለማ።

ኦርቪል፦ ልጁ ሁለት ነጥብ አንድ ሄደ። እሺ፣ አሸነፍን?

ሌላንድ፦ የሩጫው ጥራት በሃያ አራት በመቶ...

ኦርቪል፦ በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች አሉ። እኔ ስለ ውጤቱ ስጠይቅህ አንተ ስለ ያርዱ ትመልሳለህ። ደግሞስ መሸነፋችንን እስከ ነጥቧ ካወቅክ ሜዳ ድረስ ምን ያስኬድሃል?

ሌላንድ፦ ለማረጋገጥ ነዋ! ይልቅ ይሄ ክራባት ምንድነው? ቡድናችንን ልትቀብር ነው?

ኦርቪል፦ ዛሬ የማርላ ሰርግ ነው።

[ሌላንድ ገጽ ይገልጣል፤ ያንኑ ገጽ መልሶ ይገልጣል።]

ሌላንድ፦ ዐውቃለሁ።

ኦርቪል፦ ልጅህ ማርላ።

ሌላንድ፦ ማርላ የማን ልጅ እንደሆነች አስተምረኝ ደግሞ!

ኦርቪል፦ የረሳህ መስሎኝ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

ሌላንድ፦ ልክ ጨዋታው ሲጀመር! ተንኮሉን አየኸው? በዚህ ከተማ በመጸው ቅዳሜ ማን ያገባል? ማንስ ይቀበራል? ሚስዝ ፔቲግሩ እንኳ ሐሙስ አርፈው የተቀበሩት ሰኞ ነው። ሬሳ ያከበረውን ቅዳሜ የገዛ ልጄ ትንቀዋለች! ሐምሌ ላይ መጣችና «አባዬ፣ የጥቅምት ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ነው» አለችኝ። «ያ ቀን ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «አንተስ ታውቃለህ?» ብላ ትክ ብላ አየችኝና ወጥታ ሄደች። እኔን! አርባ ዓመት ሙሉ የጥቅምት ሦስተኛ ቅዳሜ ኮልድስፕሪንግ ነው!

ኦርቪል፦ የዘንድሮን መርሐ ግብር አይተኸዋል?

ሌላንድ፦ ፓስተር እሑድ መቼ እንደሆነ ግድግዳ ላይ ሄዶ ያነባል?

[ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል።]

ኦርቪል፦ ከጠዋት ጀምሮ ይሄ ሦስተኛው ነው።

ሌላንድ፦ ለበቅሎዎቹ እየጸለዩላቸው ነው። ከዚህ ወዲያ የቀረን እሱ ነው። መንገዱንም ተመልከተው። ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት መኪና በመኪና ላይ ይደረደር ነበር። ዛሬ ነፍስ ያለው ነገር የለም። ደጋፊው ተስፋ ቆርጧል።

ኦርቪል፦ ወይ ሌላ ጉዳይ ይኖረው ይሆናል።

ሌላንድ፦ ምን ጉዳይ? የሕዝቡን ልብ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሐሙስ ዕለት የቅዳሜውን ጨዋታ ትንታኔ በደጋፊዎች የኢንተርኔት ገጽ ላይ አወጣሁ። ዐሥራ ሁለት ገጽ! ሌላ ጊዜ የሚያነቡኝ አራት ሰዎች ናቸው። በዚህኛው ስንት ሰው እንደሳቀ ታውቃለህ? አርባ ሦስት!

ኦርቪል፦ ሳቀ?

ሌላንድ፦ በደስታ ነዋ። ያስቸገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ «ሽማግሌው በቅሎ» ነኝ የሚል ጅል። «ቅዳሜ ተከላካዮቻችን አንዲት ያርድ እንኳ አያስነኩም» ብሎ ጻፈ። በታሪካችን ያስነካነው ትንሹ መቶ ሰማንያ ያርድ እንደሆነ በሰንጠረዥ አሳየሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቅዳሜ ልጆቻችን ኳስ ሲጥሉም አይታየኝም» አይለኝም! ሦስት ሰዓት ሙሉ ተከራከርኩት።

ኦርቪል፦ ሰውየው ደህና ሰው ይመስለኛል።

ሌላንድ፦ ደንቆሮ ነው።

ኦርቪል፦ [ጫማውን እያየ] ደንቆሮም ደህና ሰው ይሆናል። ለማንኛውም የመጣሁት ለሌላ ነገር ነው። አንተ ከቀረህ ማርላን ክንዷን ይዤ የምገባው እኔ ነኝ።

ሌላንድ፦ [ቀና ብሎ] አንተ?

ኦርቪል፦ አባት ከሌለ አንድ ሽማግሌ ያስፈልጋል ተባለ። እናቷም ነፍሷን ይማርና የለችም። እኔ ደግሞ ይሄ ጫማ ጠቦኛል። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ሙሽራ ይዤ ሳነክስ...

ሌላንድ፦ እኔ ከጨዋታው መቅረት አልችልም። ግትር ስለሆንኩ አይደለም፤ ስታቲስቲክሱ አይፈቅድልኝም። ሜዳችን ላይ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ጨዋታ አይቻለሁ። ሰባ አሸንፈን መቶ አርባ ሁለት ተሸንፈናል።

ኦርቪል፦ አንተ ባለህበት?

ሌላንድ፦ እኔ ባለሁበት።

ኦርቪል፦ እንግዲያው ችግሩ ተገኘ።

ሌላንድ፦ አልጨረስኩም! የቀረሁት አንዴ ብቻ ነው። ያን ቀን በአርባ አምስት ነጥብ ልዩነት ቀጠቀጡን። እንደዚያ ተዋርደን አናውቅም። ስለዚህ እኔ ስቀር ሽንፈቱ መቶ በመቶ ነው። ማስረጃ ማለት ይሄ ነው።

ኦርቪል፦ ለምን ቀረህ?

ሌላንድ፦ ከየት?

ኦርቪል፦ ያን ቀን፣ ከሜዳ።

ሌላንድ፦ [በጣቱ መስመር እየተከተለ] ከጎኑ ጽፌዋለሁ... ሆስፒታል ነበርኩ።

ኦርቪል፦ ታመህ?

ሌላንድ፦ እኔ አይደለሁም። ኤድናን ምጥ ይዟት ነው።

ኦርቪል፦ ማርላ የተወለደች ዕለት!

ሌላንድ፦ ክብደቷንም ጽፌዋለሁ። ሰባት ነጥብ ሁለት ፓውንድ።

ኦርቪል፦ ይሄኛው ነጥብ የሂሳቡ ነው የኳሱ?

ሌላንድ፦ የሂሳቡ።

ኦርቪል፦ ቆይ፤ እኔ ቀስ ብሎ ነው የሚገባኝ። [በጣቱ እየቆጠረ] አንድ ቀን ቀረህና ልጅ አገኘህ። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ቀን ሄድክና ምን አገኘህ?

ሌላንድ፦ የሳንባ ምች።

ኦርቪል፦ እሱ ብቻ?

ሌላንድ፦ ሁለት ጊዜ ነው።

ኦርቪል፦ ሁለት ነጥብ ስንት?

ሌላንድ፦ ተወኝ እስቲ! [መዝገቡን ይዘጋል። ኮፍያውን ያወልቃል።] ለተማሪዎቼ ዕድሜዬን ሙሉ «ከማስረጃ ተነሥታችሁ ወደ ድምዳሜ ሂዱ» ስል ኖርኩ። እኔ ራሴ ግን ድምዳሜዬ ላይ በብርድ ቁጭ ብዬ ማስረጃው እስኪመጣልኝ እጠብቅ ነበር። ሰው ሲያረጅ ትልቁ ነገር ከእጁ ይወጣል መሰለኝ፤ የቀረችውን ትንሽ ነገር በቁጥር አስሮ ይይዛታል። የልጄን መወለድ የጻፍኩት የት እንደሆነ አየህ? ከሜዳ የቀረሁበት ምክንያት በሚለው ዐምድ ሥር!

ኦርቪል፦ ቢሆንም ጽሑፍህ ያምራል።

ሌላንድ፦ [ብድግ ብሎ] በቃ! ይሸነፉ! በአርባ አምስት ይሸነፉ፣ በዘጠና ይሸነፉ! «ሌላንድ በክፉ ቀን ጥሏቸው ሄደ» ይባል! እኔ ልጄን ልድር ነው።

ኦርቪል፦ እንደሱ በል! ፍጠን፣ ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሊሆን ነው።

[ሌላንድ ይገባል። ትንሽ ቆይቶ የቆየ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ ይወጣል፤ ከጆሮው እስከ ኪሱ ቀጭን ሽቦ ተንጠልጥሏል።]

ኦርቪል፦ ጆሮህ ላይ ያለው ምንድነው?

ሌላንድ፦ ሰው በዚህ ዕድሜ ጆሮው ቢደክም ይገርማል?

ኦርቪል፦ ከኪስህ አንቴና ወጥቷል።

ሌላንድ፦ ውጤቱን ብቻ ነው! ልጄን በቀኝ፣ ቡድኔን በግራ ይዤ እገባለሁ። [ሬዲዮውን ከፍቶ ያዳምጣል።] ምንድነው ይሄ? እስካሁን ስለ ጨዋታው መጀመር ነበረባቸው። ስለ አሳማ ክትባት ያወራሉ።

ኦርቪል፦ ጠቃሚ ነገር ነው።

ሌላንድ፦ ኦርቪል።

ኦርቪል፦ አቤት።

ሌላንድ፦ ስለ አሳማ የሚያወሩት ለምንድነው?

ኦርቪል፦ [ክራባቱን አላልቶ] ዛሬ ጨዋታ የለም። ዘንድሮ የበቅሎዎቹ የዕረፍት ሳምንት ዛሬ ላይ ዋለ። ኮልድስፕሪንግ የሚመጣው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ማርላ ይህንን ቀን የመረጠችው ላንተው ብላ ነው። እሷ ብቻም አይደለችም፤ ሊያገባ ያሰበ ሁሉ ይህችን ቅዳሜ ሲጠብቅ ነው የከረመው። ፓስተሩ ዛሬ አራት ሰርግ አለባቸው። የኛ የመጨረሻው ነው።

[ሌላንድ ደረጃው ላይ ዘጭ ብሎ ይቀመጣል።]

ሌላንድ፦ እነዚያ አርባ ሦስት ሰዎች...

ኦርቪል፦ በደስታ ነው የሳቁት።

ሌላንድ፦ ሽማግሌው በቅሎስ?

ኦርቪል፦ እሱማ ሊነግርህ ሞክሮ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ። ጣቴ ዛሬም ያመኛል።

ሌላንድ፦ አንተ ነህ! ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ፊት ለፊቴ ቆመህ ለምን በግልጽ አልነገርከኝም?

ኦርቪል፦ ትናንት ማርላ አስማለችኝ። «አጎቴ ኦርቪል፣ ጨዋታ የለም ካልከው ይመጣል። ጨዋታ ስላጣ የመጣ ሰው እንግዳ ነው። ጨዋታ አለ ብሎ ከመጣ ግን...» አለችና ሳትጨርሰው ቀረች።

ሌላንድ፦ እና እኔ የሌለ ጨዋታ ትቼ ተነሣሁ።

ኦርቪል፦ አንተ የተውከው ያለውን ነው።

ሌላንድ፦ ይሄ እኮ በሎጂክ...

ኦርቪል፦ ሎጂኩን መኪና ውስጥ ታወራዋለህ፤ ተነሥ።

[ይነሣል። ሽቦውን ከጆሮው ነቅሎ ሬዲዮውን ወንበሩ ላይ ይተወዋል።]

ሌላንድ፦ ማወቄን ልንገራት?

ኦርቪል፦ አንተ ሰው፣ ዕድሜህን ሙሉ ሁሉን ስታውቅ ኖረህ የለ? ለዛሬ እንኳ አትወቅ።

ሌላንድ፦ «አባዬ፣ ጨዋታው ስንት ለስንት ሆነ?» ብላ ብትፈትነኝስ?

ኦርቪል፦ «አላውቅም» በላት። ካንተ አፍ ሰምታው ስለማታውቅ ታለቅሳለች።

ሌላንድ፦ [ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ] አ... አላ...

ኦርቪል፦ [የመኪናውን በር ከፍቶለት] ግባ። ዐሥር ደቂቃ መንገድ አለን፤ እስክንደርስ ይወጣልሃል።