«ና፣ ና» ባዮች

ሆጤ ሰፈር፣ ሐጂ ይመር ግቢ የነበርነው ሐጂ፣ ሚስታቸው እትዬ ዘሀራ፣ ጎረቤታቸው መሐመድ፣ ሾፌሩ ሰይድና እኔ ነን። መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ አይቶ «ና! ና!» ሳይል የሚያልፍ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሰይድ ከፒክአፑ ፊት ባስገጠመው ሰፊ ብረት ከዝናቡ ጋር ወርዶ ግቢውን የሞላውን በረዶ ወደ ፊት ገፍቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁላችንም ትራፊክ ሆንን።

«ወላሂ ሰፊ ነው፣ ና!» አለ መሐመድ።

«ዝም በሉና አንዳችሁ ኋላውን እዩለት!» አሉ እትዬ ዘሀራ።

«አንቺ ደግሞ መንጃ ፈቃድ መቼ አወጣሽ?» አሉ ሐጂ። ሳቅን።

እትዬ ዘሀራ ራሳቸው ሊያዩ ሄዱ። መኪናው ከግንቡ ጋር አጣበቃቸው፤ አንድ እግራቸው ተቆረጠ።

ሰይድ ታሰረ። እኛን ትራፊኮቹን ግን የጠየቀን የለም። እኔ «ና» ያልኩት ሦስት ጊዜ ነው። እዚያ የነበራችሁ፣ የመጨረሻዋን «ና» የተናገራት ማን እንደሆነ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ጨምሩበት።